የትኛውን ካሜራ ልግዛ? ከጅግጅጋ የተነሣ የፖለቲካ ጥያቄ

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፌደራሊዝምና ስለ መሬት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ዛሬ ስለ አንድ ዕቃ ግዢ ላወራችሁ ነው። «ዶክተሩ ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ግዴለም፣ ታገሡኝ።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ ካሜራ ሊገዛ ያስባል። ከፊቱ ሁለት ዓይነት ዕቃ ተደርድሯል። አንደኛው ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተገጠመ፣ የማይፈታ፣ የቅርቡንም የሩቁንም በአንድ ጊዜ እሠራለሁ የሚል፣ በተለምዶ «ሱፐር ዙም» የሚባለው ነው። ሁለተኛው ሌንሱ የሚፈታና የሚለወጥ፣ በውስጡ መስታወት ያለው፣ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ነው። በሌላ ቦታ ቢሆን ጉዳዩ የኪስና የምርጫ ብቻ በሆነ ነበር። በሶማሌ ክልል ግን ካሜራ ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ማን ያነሣል? ማን ይነሣል? ከምን ያህል ርቀት? በማን ፈቃድ? እነዚህ ጥያቄዎች ከዋጋው ይቀድማሉ።

ካሜራውን የምፈልገው ለምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በሐርትሼክና በቶጎ ውጫሌ የሚኖሩ አረጋውያን በየሣጥናቸው ያኖሯቸው ወረቀቶች አሉ። የጋብቻ ውል፣ የንግድ ደብዳቤ፣ የስደተኛ ካርድ፣ ጠርዙ የተበላ የቤተሰብ ፎቶግራፍ። ሐርትሼክ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2004 ድረስ የስደተኞች ጣቢያ ነበር፤ በአንድ ወቅትም ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ዛሬ ያንን ዘመን በዓይኑ ያየው ትውልድ እያለፈ ነው፤ ወረቀቱንም ምስጥና ሙቀት እየበሉት ነው። እኔም በዕረፍት ቀኖቼ፣ በራሴ ወጪ፣ ወረቀቶቹንና ባለቤቶቻቸውን ጎን ለጎን ማንሣት እፈልጋለሁ። ሁለት ካሜራ የመግዛት አቅም የለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ደመወዛችን በዚያው ፍጥነት እንዳልተከተለው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

የዙሙ ጠበቃ ምን ይላል?

ለዙሙ የሚቀርበው ክርክር ቀላል አይደለም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ፒ900 እንውሰድ። ሌንሱ ሰፊ ሜዳ ከሚያሳየው 24 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ 83 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። ጅግጅጋ ቆሞ የካራማራን ተራራ ድንጋይ ለመቁጠር የሚያስችል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በዲ.ኤስ.ኤል.አር. ይህን ያህል ለመቅረብ የሚያስፈልገውን ሌንስ የአንድ መምህር ደመወዝ አይሸከመውም፤ ትከሻውም እንዲሁ። ከቶጎ ውጫሌ መንገድ የሚነሣውን አቧራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌንሱ የማይፈታ ካሜራ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሰጥ ይገባዋል። ሌንስ በፈታህ ቁጥር አቧራው ቀጥታ ወደ ካሜራው ሆድ ይገባልና።

ይሁን እንጂ የአቧራው ክርክር ግማሽ እውነት ነው። ዙሙ ሲወጣና ሲገባ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፤ ከአየሩም ጋር አቧራ። አንድ ጊዜ ከገባ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ካልፈቱት አይወጣም። የዲ.ኤስ.ኤል.አር. አቧራ ግን በላስቲክ መንፊያ ይጠረጋል፤ ሌንሱን ቤት ውስጥ ብቻ የመለወጥ ልማድ ያለው ሰውም ከችግሩ አብዛኛውን ይድናል። 2000 ሚሊ ሜትሩም ቢሆን በሜዳችን ላይ ከረፋድ በኋላ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከመሬት የሚነሣው የሙቀት ሞገድ የሩቁን ምስል ያርገበግበዋል። ያን ጊዜ ያቀረብከው ሰውየውን ሳይሆን የሚንቀጠቀጠውን አየር ነው።

የመስታወቱ ጠበቃስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይፍቀዱልኝ። የፎቶግራፍ ነፍስ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ደግሞ «ሴንሰር» የተባለው ሰሌዳ ነው። እንደ ፒ900 ባሉ ዙሞች ውስጥ ያለው ሰሌዳ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህላል፤ ከልጅ የትንሿ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የጀማሪ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ዲ3500 ውስጥ ያለው ግን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ 13 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዝናብ ለማጠራቀም ሲኒና ድስት ውጭ እንደ ማስቀመጥ ቁጠሩት። ትላልቅ ሰሌዳ ያላቸው ዙሞች መኖራቸውን አልክድም፤ የእነርሱ ዋጋ ግን ከጀማሪው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ይበልጣልና ለክርክራችን አይረዱንም።

ልዩነቱ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። የሚታየው እኔ በምሠራበት ቦታ ነው። መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል፣ ከመግሪብ በኋላ ሻህ እየተጠጣ በሚወራበት ሰዓት፣ የጠቆረ ፊት በነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ሲቀመጥ። ትንሹ ሰሌዳ ከሁለት አንዱን ይሠዋል፤ ወይ ግድግዳውን ያነጣዋል፣ ወይ ፊቱን ያጠቁረዋል። በአካባቢያችን ፊቱ ጠቁሮ ያልተለየ አዛውንት ፎቶ ስንት አይተናል! ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ላይ ከ18-55ቱ መደበኛ ሌንስ ሌላ፣ ርካሽ የሆነውና የማይዘረጋው ባለ ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢገጠም፣ መደበኛው ሌንስ ተዘርግቶ በኤፍ 5.6 ከሚያስገባው ብርሃን 10 እጥፍ ያህል ያስገባል። ፍላሽ አያስፈልግም፤ አዛውንቱም በብልጭታ አይደነግጡም።

የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። ፒ900 በአምራቹ መለኪያ በአንድ ባትሪ 360 ፎቶ ያህል ሲያነሣ፣ ዲ3500 ወደ 1550 ያነሣል። ምክንያቱ የዙሙ ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በኤሌክትሪክ ማሳያ ላይ ማብራት ስላለበት ነው፤ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ግን በመስታወት ያሳያል፣ መስታወት ደግሞ ባትሪ አይበላም። መብራት ሲመጣ እልል በሚባልበት ከተማ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ርቀትና ፈቃድ

እስካሁን ያልኩት የዕቃው ነገር ነው። አሁን ወደ ፖለቲካው እንግባ።

በዚህ ምሥራቃዊ ምድር ካሜራና ርቀት የቆየ ታሪክ አላቸው። ከጅግጅጋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በምትርቀው ሐረር፣ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ከአውሮፓ ባስመጣው ካሜራ ፎቶ አንሥቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ካሜራውን ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ያነሣን ሁሉ ብዙውን ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ መጥቶ ማንሣትም ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ደገሐቡር ላይ ተይዘው አምስት ቀን ታሠሩ፤ ካሜራቸውም ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ስዊድናውያን፣ ጸሐፊው ማርቲን ሺቢዬና ፎቶግራፍ አንሺው ዮሃን ፔርሾን፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አቋርጠው ከኦብነግ ታጣቂዎች ጋር ሳሉ ተያዙ። 11 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2012 በይቅርታ ወጡ።

ታዲያ ካሜራ ከምድር ሲከለከል ምን ሆነ? ሰማይ ላይ ወጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ስለ ኦጋዴን ሪፖርት ሲያወጣ፣ ተቃጠሉ ስለተባሉት መንደሮች ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር የመረመረው የሳተላይት ምስል ነበር። መንግሥት ሪፖርቱን አስተባበለ። እስቲ አስቡት፤ በዓለም ላይ ከሁሉ የረዘመው ዙም የተተከለው እኛ ላይ ነበር! ጎጆው መጥፋቱን ያሳያል። በጎጆው ውስጥ የነበረችው ሴት ማን እንደ ነበረች፣ ስሟን፣ ፊቷን ግን ሊያሳይ አይችልም።

የቅርቡ ምስል የወጣው ከየት ነው? በክልሉ መስተዳድር ውስጥ በሚዲያ ሥራ ላይ የነበረው አብዱላሂ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100 ሰዓት በላይ የሆነ የቪዲዮ ቅጂ ይዞ ከአገር ወጣ። ቅጂው ባለ ሥልጣናቱ ራሳቸው ያስቀረጹት ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ከሩቅ የሚነሣ ምስል አንድ ነገር መፈጸሙን ሊመሰክር ይችላል። በማን ላይ፣ በማን፣ እንዴት እንደ ተፈጸመ የሚናገረው ግን ቅርብ የነበረ ካሜራ ነው። በአገራችን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቅርብ እንዲሆን የተፈቀደለት ካሜራ የባለ ሥልጣኑ ብቻ ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ፣ «ጄል ኦጋዴን» በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከተዘጋ በኋላ፣ ቢያንስ ሰው ቤት ገብቶ ተቀምጦ መጠየቅ ተችሏል። ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። ይሁንና በሩ ገርበብ ባለበት ሰዓት፣ ከደጅ ቆሞ የሚያነሣ ካሜራ መግዛት የዚያን ዘመን ልማድ በራስ ገንዘብ ማስቀጠል ይመስለኛል።

በቀብሪበያህ አንድ አዛውንት የተናገሩኝ ይህን ሐሳብ አጠንክሮልኛል። «መዓሊን፣» አሉኝ፣ «ድርቅ ሲሆን ካሜራው እንደ አሞራ ይመጣል። የሞተች ላሜን ሃያ ሰው አንሥቷታል። ጉ ዘንቦ ግመሎቼ ሲጠግቡ ግን አንድም አላየሁ።» ጉ የሚሉት ዋናውን የዝናብ ወቅት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የዚህ ምድር ምስል በዓለም ዞሯል። ምስሉ እርዳታ እንደሚያመጣ እናውቃለን፤ መሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የቀረጸው የብዙዎችን ነፍስ ያተረፈ እርዳታ ቀስቅሷል። የአዛውንቱ ቅሬታ ፎቶው መነሣቱ አይደለም። ከመከራ ቀን በቀር የሚያነሣ መጥፋቱ፣ ያነሣውም ስማቸውን ሳይጠይቅ መሄዱ ነው።

ተቃውሞዎችን ልመልስ

አንድ ወዳጄ «ዙም እኮ ጨዋነት ነው» ይለኛል። «ሶላት ላይ ያለውን፣ ቀብር ላይ የቆመውን ሳትረብሽ ታነሣለህ።» ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሳያውቅ የተነሣ ሰው አልተረበሸም ማለት ፈቅዷል ማለት አይደለም። በተለይ ሴቶች መነሣት ወይም አለመነሣትን ራሳቸው የመወሰን መብት ባላቸው ኅብረተሰብ መካከል፣ ከ200 ሜትር ላይ መሳብ ጨዋነት ሊባል አይችልም። በ18-55 ሌንስ ፊት ለማንሣት ሁለት ክንድ ያህል መቅረብ አለብህ። ሁለት ክንድ ላይ ደግሞ ሰላምታ ግድ ነው፤ ከሰላምታ በኋላ ስም፣ ከስም በኋላ ፈቃድ ይከተላል። «አይሆንም» የሚል መልስም ይመጣል፤ መምጣትም አለበት።

ሌላው ተቃውሞ የኬላው ነው። «ትልቅ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ዙሙ የቱሪስት ይመስላል።» እውነት ነው፤ ያስጠይቃል። ክብ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ከባትሪው እኩል አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የማደርገውን የሚደብቅልኝን ሳይሆን የሚያሳይብኝን ዕቃ እመርጣለሁ። ደግሞስ ኬላ አጠገብ 2000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዘርግቶ የተገኘ ሰው ይበልጥ አይጠረጠርም?

እንግዲህ ውሳኔዬ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ነው። አዲስ አይሆንም፤ ኒኮን ዲ3500ን ማምረት ካቆመ ሰንብቷል፣ ገበያውም ፊቱን ወደ መስታወት አልባዎቹ አዙሯል። ይህ ግን ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሸማች መልካም ዜና ነው፤ ያገለገለው ረክሷልና። ከበርበራ ወደብ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል በሚገባው ዕቃ የሚታወቀው የጅግጅጋ ገበያ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሌንሱን ፈትቶ ሰሌዳውን ማየት፣ ነጭ ግድግዳ አንሥቶ ጥቁር ነጥብ መፈለግ፣ ባትሪውን መሞከር የገዢው ፋንታ ነው።

የባቢሌን ዝሆኖች ወይም የሜዳውን አዕዋፍ ለማንሣት የምትፈልጉ፣ እኔን አትስሙ፤ ዙሙን ግዙ። ዝሆን በሁለት ክንድ ርቀት ሰላምታ አይቀበልም። ሰው ለማንሣት የምታስቡ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ምን ያህል ለመቅረብ ፈቃደኛ እንደ ሆናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ካጠራቀምኩት ገንዘብ ላይ የተወሰነውን ካሜራው እንዳይነካው ለይቼ አስቀምጫለሁ። የፎቶ ማሳተሚያ ነው። የሚነሣ ሁሉ የራሱን ፎቶ በእጁ ይቀበላል፤ ከጀርባው ላይ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍበታል። በሣጥኑ ውስጥ ካሉት አሮጌ ወረቀቶች ጎን ያኑረው።

ቸር እንሰንብት።