ሁለቱ ቁራዎች



ልጆቻችን ከትምህርት ቤትም ከጓደኞቻቸውም እየተዋሱ ከሚያነቧቸው መጻሕፍት መካከል ጎቲክ የሚባሉት ይገኙባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ድርሰት እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ባወጣው ልብ ወለድ እንደተጀመረ ይነገራል። የፈረሰ ግንብ፣ ድቅድቅ ሌሊት፣ መቃብርና ሬሳ አይታጡበትም። አንዳንድ ወላጅ «ይህ የሸይጧን ወሬ ነው፤ ጣለው!» ብሎ ይቆጣል። እኔ ግን ከቁጣው በፊት ሰዎቹ ስለ ሞት ይህን ያህል ለምን እንደጻፉ እንመልከት እላለሁ።

ሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይንን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። እናቷ የሞተችው እርሷን በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። እርሷም በ1815 የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቷ አጥታለች። አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተችበት። ሚስቱ ቨርጂኒያም በሳንባ ነቀርሳ ስትማቅቅ ኖራ በ1847 ሞተች፤ በ1849 እርሱ ራሱ በ40 ዓመቱ ተከተላት። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በሞት የቀለዱ ሳይሆኑ ሞት ቤታቸውን ያንኳኳባቸው ናቸው።

ፖ በ1845 ባወጣው «ቁራው» በተሰኘው ግጥም አንድ ሐዘንተኛ በሌሊት ተቀምጦ ሳለ ቁራ በመስኮት ይገባበታል። ሰውዬው የሞተችውን ወዳጁን በወዲያኛው ዓለም ያገኛት እንደሆነ ወፉን ይጠይቀዋል። ቁራው ደጋግሞ የሚመልሰው አንዲት ተስፋ የምታስቆርጥ ቃል ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ! ጥያቄው የማንኛውም ሐዘንተኛ ጥያቄ ነው። የተጠየቀው ግን ማን ነው? ቁራ!

ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳ ስለ ቁራ ይነግረናል። ከአደም ልጆች አንዱ ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ጠፋው። አላህ (ሱ.ወ.) መሬት የሚጭር ቁራ ላከለት፤ በዚህም የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸፍን አሳየው። ያኛው ቁራ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ይህኛው ለሟች የሚገባውን ያስተምራል። እኛ ሟችን አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንበትና ዱዓ አድርገንለት የምንሸኘው መገናኛው በአላህ ዘንድ ነው ብለን ስለምናምን ነው።

ታዲያ ይህንን ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን? አያት ሲሞቱ «ሩቅ አገር ሄደዋል» ብለን እንደልላቸዋለን፤ ጀናዛ ሲወጣ ጎረቤት ቤት እንልካቸዋለን። ወይም ደግሞ ስለ ቀብር ቅጣት ብቻ እያወራን፣ የአላህን ራሕመት ሳናነሳ እናስተኛቸዋለን። ይህስ ከጎቲኩ በምን ይለያል? ቅጣቱ እውነት ነው፤ ራሕመቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሰማ ልጅ ሞትን ይፈራል እንጂ ለሞት አይዘጋጅም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እናታቸውን በስድስት ዓመታቸው አጥተዋል። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አነባ፣ ልባቸው አዘነ፤ አንደበታቸው ግን ጌታቸውን የማያስደስት አልተናገረም። ማልቀስ የኢማን ጉድለት እንዳልሆነ ልጆቻችን ከዚህ ይማሩ።

ስለዚህ መጽሐፉን ከልጃችሁ እጅ ከመንጠቃችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ። ቁራው ምን እንዳለ ጠይቁት። ከዚያም የእኛን ቁራ ታሪክ ንገሩት። ጀናዛ ሲኖርም እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

አላህ ኻቲማችንን ያሳምርልን። አሚን።