ተሳቢ የሚጎትት ሰው ስፖኪዮ

በአገሬ፣ ፀዳ ላይ፣ ከመተማ ወይም ከሁመራ ሰሊጥ ጭኖ በአዘዞ የመጣ ተሳቢ ወደ ማክሰኝት ሲወርድ፣ ባጃጁም ጋሪውም ከገበያ የሚመለሰው እግረኛም አብረውት በዚያው አስፋልት ናቸው። ሾፌሩ ወደ ኋላ መሄድ ካለበት ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ቆርቆሮውን በመዳፉ እየመታ «ና! ና! ና! በቃ!» ይለዋል።

እኔ በምኖርበት እንግሊዝ አገር ካራቫን የሚጎትት የቤት መኪና ረዳት የለውም፤ ሾፌሩ ራሱ ማየት አለበት። ካራቫኑ ከሚጎትተው መኪና ከሰፋ ተጨማሪ ስፖኪዮ መግጠም ግዴታ ነው። ከሾፌሩ 20 ሜትር ወደ ኋላ፣ ከካራቫኑ ጎን ደግሞ 4 ሜትር ወደ ውጭ መታየት ይኖርበታል። ሳይገጥም የተያዘ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይም 3 ነጥብ ሊያዝበት ይችላል።

ተጨማሪው ስፖኪዮ በመኪናው ስፖኪዮ ላይ የሚቆነጠጥ ነው። አንዳንዱ በላስቲክ ይታሰራል፣ አንዳንዱ በብሎን ይጠብቃል። እኔ ባለብሎኑን እመርጣለሁ፤ መስታወቱ በንፋስ ከተንቀጠቀጠ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ከመግዛት በፊት የራስን ስፖኪዮ ቅርፅ ማየት ይገባል፤ ጠርዙ በጣም የተድቦለቦለውን መቆንጠጫው አይዘውም። ጎበጥ ያለ መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ግን መኪናውን አሳንሶና አርቆ ስለሆነ፣ በሚቀድሙኝ በኩል ጠፍጣፋውን፣ በእግረኛው በኩል ጎባጣውን አደርጋለሁ።

ሲገጠም መጀመሪያ የመኪናው ስፖኪዮ ይስተካከላል፤ አቧራው ይጠረጋል፤ ከዚያ መቆንጠጫው ጠብቆ በእጅ ይነቀነቃል። እኔ መሪው ጋ ስቀመጥ ባለቤቴ ከካራቫኑ ኋላ ጥግ ጀምራ ወደ ጎን ትራመዳለች። ከመስታወቱ ስትጠፋ ጥሩምባ አሰማታለሁ፣ የቆመችበትን እንለካለን። የካራቫኑ ጎን በመስታወቱ ውስጠኛ ጠርዝ በቀጭኑ ብቻ ከታየ በቂ ነው። ጥቂት ከነዱ በኋላ ወርዶ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የአገሬን ረዳት የትኛውም መስታወት አይተካውም። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የእሱ ዓይን ይበልጣል። የሚያስጨንቀኝ እህልና ሰው ጭኖ ያለ ስፖኪዮ የሚሄደው ባለተሳቢ ትራክተር ነው። ከአስፋልቱ ወደ ጥርጊያው ሲታጠፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ ከትራክተሩ ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ በዚያ ጥግ የሚሄድ ልጅ ለሾፌሩ አይታየውም። ተሳቢው ላይ የተቀመጠ ሰው ቢጮኽም የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል።

በአገሬ ስፖኪዮ ይሰረቃል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ታርጋ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ የሚያስቀርጸውም ለዚሁ ነው። ተቆንጣጩ ግን ማታ ተፈትቶ ቤት ይገባል። ለትራክተር የሚሆን ካልተገኘ፣ በያጅ ከብረት ቱቦ ሁለት ክንድ ሊሠራ ይችላል፤ ክንዱ መስታወቱን ከተሳቢው ወርድ አሳልፎ እንዲያወጣው አድርጎ ማሠራት ነው።