ስም የሌለው ፕሌይሊስት

አያቴ ካረፈች ወዲህ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ቀን ኮድ ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ መጽሐፍ ስገልጥ ዓይኔ መስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ልቤ ግን የለም። አንዱን ገጽ አራቴ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ የጎረቤት ቴሌቪዥን አያስቀርም። በቃ፣ ኢርፎን አድርጌ ለንባብ የሚሆን ሙዚቃ ፍለጋ ገባሁ።

የያዝኩት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የኡርሱላ ሌ ጉዊን «አ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» ነው፤ ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ አስማት ሲማር የሚተርክ ፋንታሲ። መጀመሪያ የፊልም ኦርኬስትራ ሞከርኩ። አልሆነም። ጌድ ገና ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ሙዚቃው ጦርነት ይከፍትበታል። ዘፈንማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ሁለት ሰው በአንዴ እያወራኝ እንዴት አነባለሁ?

ከዚያ ታንጀሪን ድሪም የተባሉት ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡትን «ፌድራ» አገኘሁ። ሙግ ሲንተሳይዘራቸው ሲሞቅ ድምፁ ከቅኝቱ ቀስ እያለ ይንሸራተት ነበር፤ እነሱም እንዳለ ተዉት። በእኛ ሥራ ይሄ ባግ ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ግን ሙዚቃው የትም ሳይቸኩል እንደ ባሕር ይንቀሳቀሳል። አሁን ፍራ፣ አሁን አልቅስ አይልም። በዚያ ሳምንት ስልሳ ገጽ አነበብኩ።

«የድሮ ሲንተሳይዘር ከሆነ የራሳችን ኃይሉ መርጊያ እያለልህ?» ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ የሠራውን «ሸሞንሟናዬ» እንዴት እንደምወደው! ግን ለንባብ አይሆነኝም። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ ሲነሳ ግጥሙ በውስጤ አብሮት ይነሳል። እሱም ብቻውን አይመጣም፤ አያቴ ቡና እየቆላች የምታንጎራጉርበትን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አልከፍተውም።

አንድ ማታ «ፌድራ» ተከፍቶ እያነበብኩ ነው። በዚያ ዓለም የሰው እውነተኛ ስሙ ድብቅ ነው፤ ስምህን ያወቀ በአንተ ላይ ሥልጣን አለው። ጌድ በትዕቢቱ ክፉ ጥላ ለቆ፣ ራሱም ተጎድቶ፣ ሰው ሁሉ ሲርቀው ጓደኛው ቬች ይመጣል። ምንም ሳይጠየቅ እውነተኛ ስሙን ይነግረዋል።

እዚያ ጋ ቆምኩ።

«የክርስትና ስምህን ለማንም አትንገር፤ ደብተራ ይሠራብሃል» ትለኝ ነበር አያቴ። እሺ እላታለሁ፣ በሆዴ እየሳቅሁ። የእሷን ስም ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ፍትሐቷ ላይ፣ ከቄሱ አፍ ነው። አጠገቤ የቆመውን አጎቴን «ማንን ነው የሚጠሩት?» አልኩት።

«እሷን ነው እንጂ» አለኝ።

ለካ ሃያ ምናምን ዓመት አብሬያት ስኖር ስሟን አላውቅም። እሷ የእኔን ታውቅ ነበር፤ ስታመም እሱን እየጠራች ነበር የምትጸልየው።

መጽሐፉን አጥፌ «ሸሞንሟናዬ»ን ከፈትኩ። ጎኑ እስኪያልቅ ምንም ሳላነብ ተቀመጥኩ።

አሁን ሁለት ፕሌይሊስት አለኝ። አንደኛው «ንባብ» ይላል፤ በየሳምንቱ አዲስ ነገር እጨምርበታለሁ። ሁለተኛው ላይ ያለው አንድ አልበም ብቻ ነው። መጀመሪያ የአያቴን የክርስትና ስም አውጥቼለት ነበር። ከዚያ ምክሯ ትዝ አለኝና አጠፋሁት።