ጾም፣ የሴላችን ጎተራና ካንሰር፦ ሳይንቲስቶቹ በእርግጥ ያሉት ምንድን ነው?



ረመዷን በመጣ ቁጥር በየስልካችን የሚዞር አንድ መልእክት አለ። «ጃፓናዊ ሳይንቲስት ጾም ካንሰርን እንደሚያድን አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ» ይላል። እኛም ይጁቤ ደርሶናል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዐቢይ ጾም ያዞሩታል። እውነቱ የቱ ጋ ነው?

ሳይንቲስቱ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይባላሉ፤ የተሸለሙትም እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያጠኑት ግን ጾመኛ ሰውን ሳይሆን እርሾን ነው። የእርሾ ሴል ምግብ ሲነፈገው የራሱን ያረጀ ክፍል ጠቅልሎ፣ ፈጭቶ መልሶ እንደሚጠቀምበት በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ይህን የሚያሠሩትን ጂኖችም ለዩ። ሂደቱ «ኦቶፋጂ» ይባላል፤ ራስን መብላት ማለት ነው።

ታዲያ ሴሉ መራቡን በምን ያውቃል? መልሱ የተገኘው ከአፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከካናዳ የሄደ የሕክምና ቡድን ከኢስተር ደሴት አፈር ይዞ ተመለሰ። ሱረን ሰህጋልና ባልደረቦቻቸው በዚያ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ አንድ መድኃኒት አወጡ። ደሴቲቱ በነዋሪዎቿ «ራፓ ኑዊ» ስለምትባል «ራፓማይሲን» ተባለ። በ1991 ደግሞ ማይክል ሆልና ባልደረቦቻቸው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ መድኃኒቱ የሚያግደውን ፕሮቲን በእርሾ ውስጥ ደረሱበት፤ «ቶር» አሉት። ብዙም ሳይቆይ በሰው ሴል ውስጥም ተገኘ።

ቶርን እንደ አባወራ እንየው። የእኛ ገበሬ ጤፉን ወቅቶ ጎተራው ሲሞላ ቤት ይሠራል፣ ሠርግ ይደግሳል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል ግን አዲስ ነገር አይጀምርም፤ ያለውን ይቆጥባል፣ አሮጌውን ይጠግናል። ቶርም እንደዚሁ ነው። በሴሉ ውስጥ ምግብ ሲኖር «እደግ፣ ተባዛ» ይላል፤ ምግብ ሲያጥር ዝም ይላል፣ ያኔ ጽዳቱ ይጀመራል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ይህ አባወራ ተበላሽቶ፣ ጎተራው ቢጎድልም ሳያቋርጥ «ተባዛ» እያለ ያዛል።

እርጅናም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2009 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 600 ቀን ለሆናቸው፣ ማለትም ለገፉ አይጦች ራፓማይሲን ተሰጥቶ ዕድሜያቸው መርዘሙን አሳየ። ይህ ግን በአይጥ ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ለሰው መጀመሪያ የተፈቀደው በ1999 ኩላሊት ለተተከለላቸው ሕሙማን ነበር። የእርሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ደግሞ በ2007 ለኩላሊት ካንሰር ተፈቅዷል።

ከዚህ ሁሉ መልእክቱ የማይነግረን አንድ ነገር አለ። ኦቶፋጂ ለጤነኛው ሴል ብቻ የተሰጠ አይደለም። አንዴ ሥር የሰደደ የካንሰር ሴልም ምግብ ሲያጥረው በዚያው ዘዴ ራሱን ያቆያል። ሰውየው ሲራብ ዕጢው አብሮ ይሞታል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ካንሰር የያዘው ሰው ክብደቱ ከቀነሰ ሕክምናውን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል።

ይህን የምንጽፈው ወሬው ከስልክ ወጥቶ ቤት ስለገባ ነው። የሰፈራችን አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ደብረ ማርቆስ ሄደው እንዲታዩ ሲነገራቸው፣ «መጀመሪያ ወሩን ልጹም፤ ጾሙ ይበላዋል ተብሎ የለ» አሉን። ልጆቻቸውና እኛ ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበን ለምነን ነው በሳምንቱ የሄዱት። ለካንሰር አንድ ወር ትንሽ አይደለም። ከዚህ ተነስቶ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሄደ ሰው መንገዱንም ወረፋውንም ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ በገዛ እጃችን ወር መጨመር የለብንም።

ዲናችንም በዚህ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ስለዚህ እብጠት፣ የማይድን ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት ያየ ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። መጾም ይችል እንደሆነም ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ።

የምንጾመው አላህ ስላዘዘን ነው፤ ለዚህ የኖቤል ምስክር አያስፈልገንም። መልእክቱ ነገ ሲደርሳችሁ ለላከላችሁ ሰው ይህን መልሱለት።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።