ጭራቁ ከየት መጣ?

ይህ ገጽ የፖለቲካ ገጽ መሆኑን አልዘነጋሁም። ዛሬ ግን ስለ ቪዲዮ ጌም፣ ይልቁንም በጌም ውስጥ ስለሚፈጠሩ ጭራቆች እጽፋለሁ። ከመንገዴ የወጣሁ የመሰለው ሰው እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር። የወንድሜ ልጅ የኮምፒውተር ተማሪ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጌም እየሠራ መሆኑን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። ባለታሪኩ ወጣት ቡና ለቃሚ ነው። አንድ ቅርጫት ቡና ተሸክሞ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው ጫካ ውስጥ አልፎ፣ ሳይነጋ ከተማ መግባት አለበት። ሥዕሉ ያምራል። በጥላ ዛፍ ሥር ያለው ቡና፣ ዝናብ ሲመታው የሚንቀጠቀጠው የእንሰት ቅጠል፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘለው ጉሬዛ ሁሉም አሉ። የገዛ አገሩን በጌም ውስጥ የሚሥል ትውልድ መጣ ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ ጠላቶቹ መጡ። አጫጭሮች፣ ጎባጦች፣ በጢስ የጠቆሩ ፍጡራን ናቸው። ፊታቸው የጅብ ነው፤ ዐይናቸው ቀይ ነው። ከዛፍ መካከል በሌሊት ይወጣሉ፤ ባለታሪኩም በገጀራ ይጥላቸዋል። ሲወድቁ ወደ ጢስ ይለወጣሉ፤ ሃያ ነጥብም ይመዘገባል።

«ለምንድን ነው የሚያጠቁት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጠላት ናቸው እኮ፣ ጋሼ።»

«ምን ይበላሉ? የት ይተኛሉ? የዚህ ልጅ ቡና ምን ያደርግላቸዋል?»

«ጌም ነው፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከጭራቆቹ የአንዱ ጀርባ ላይ የማገዶ እንጨት ሸክም አየሁ። በወገቡም ላይ የማር ቅል ታስሯል። ይህን ፍጡር አውቀዋለሁ።

ልጅነቴን ያሳለፍሁት በሸካ፣ በማሻ ነው። ከጫካ ማርና ማገዶ እያመጣ የሚሸጥልን አንድ ሽማግሌ ነበር። አያቴ ማሩን ትገዛዋለች፤ ምግብም ትሰጠዋለች፤ ነገር ግን ከደጅ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ። ደፋችንን አንድም ቀን ተሻግሮ አያውቅም። ማንጆ ነበር። እኛ ልጆች፣ ዝንጀሮ ይበላል፣ ሲመሽም ጅብ ይሆናል እየተባልን አደግን። አንድ ቀን ከዝናብ ሸሽቶ ከቤታችን ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቆመ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ «ጅብ!» ብዬ ጮኼ ድንጋይ ወረወርሁበት። ሽማግሌው አልተቆጣም። ምግቡን ከነቅጠሉ አነሣና ወደ ዝናቡ ወጣ። አያቴ ሳቀች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማንጆዎች በከፋና በሸካ የሚኖሩ፣ በአደን፣ በማር ቆረጣ፣ በማገዶና በከሰል ሽያጭ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ እየተባሉ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዳይጋቡ፣ ከአንድ ገበታም እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ስለተገለሉ ማኅበረሰቦች በሚተርክ መጽሐፍ ውስጥ ታሪካቸው ተጽፏል። ጫካው ለቡናና ለሻይ እርሻ በተከፋፈለ ቁጥር አስቀድሞ ቤቱ የሚጠበው የእነርሱ ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን አያውቅም። ምስሉ ግን ከእኛ ቤት፣ ምናልባትም ከራሴ አፍ፣ ወርሶታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ «ኖል» የሚባሉ ባለ ጅብ ራስ ሰዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» ጌምም ጀማሪ ተጫዋች ቀድሞ ከሚገድላቸው መካከል ኖሎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው የጭራቆች መጽሐፍ ስለ አመጣጣቸው የሚነግረን፣ አንድ ጋኔን የገደላቸውን ሬሳዎች ከበሉ ጅቦች መገኘታቸውን ነው። አመክንዮው ግልጽ ነው፤ ከሥራቸው ክፉ ሆነው ከተፈጠሩ የሚገድላቸው ሰው ምንም ሊጠየቅ አይገባም። አሳታሚው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አንዳንድ ሕዝቦችን በተፈጥሯቸው ክፉ አድርጎ መሣል በእውነተኛው ዓለም ሰዎች የተዋረዱበትን መንገድ እንደሚያስታውስ አምኖ ለማረም ቃል ገብቷል።

የእኛ ኖል ቡዳ ነው። ቀን አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቆዳ ፋቂ፤ ሌሊት ጅብ። ማረሻችንን የሚሠራልን፣ ድስታችንን የምትሠራልን ሰው ናት የተፈራችው። የምንፈልገውን ሰው በደጅ ለማቆየት ምክንያት ያሻናል፤ ተረቱ ያን ምክንያት አቀረበልን። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፤ ተረቱ ግን ቀጠለ።

ፖለቲካችንም ከዚሁ ተረት ይቀዳል። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ቃል ከከፍተኛው የመንግሥት መድረክ ሲነገር ሥልጣናቸውን ያለአግባብ ለተጠቀሙ ሹማምንት ነበር። ብዙ ሳይቆይ በየሰፈሩና በየማኅበራዊ ድረ ገጹ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ጅብ ከተባለ በኋላ ምን ይበላል፣ የት ያድራል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ያው ጅብ ግን ሐረር ላይ ሌላ ታሪክ አለው። በጀጎል ግንብ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለታል፤ በአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። ጥርሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከእርሱ ጋር የተገባው ውል ነው።

ለወንድሜ ልጅ ያን ሽማግሌና የወረወርሁትን ድንጋይ ነገርሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ጋሼ፣ ጠላት ከሌለ እኮ ጌም አይሆንም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠላቱን አጥፋ አላልሁትም፤ ምክንያት ስጠው እንጂ። የባለታሪኩ የቡና መንገድ የፍጡሩ ቀፎዎች የተሰቀሉበትን ዛፍ አስቆርጦ የወጣ ቢሆንስ? ተጫዋቹ ይህን የሚያውቀው ሦስቱን ከገደለ በኋላ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲያ ገጀራ መምዘዝም ይችላል፣ መንገድ መቀየርም ይችላል፤ ቡናው ግን ሳይነጋ መድረስ አለበት። «ይከብዳል» አለኝ። አዎን፣ ይከብዳል። ያልነገርሁት፣ የእኛ ቡና የሚያልፍበት መንገድም እንዲሁ የወጣ መሆኑን ነው።

ከአንድ ወር በኋላ አዲሱን ሥዕል ላከልኝ። የማገዶው ሸክም ተነሥቷል፤ የማሩ ቅልም የለም። ፊቱ ግን አሁንም የጅብ ነው፤ ሲወድቅም ሃያ ነጥብ ያስገኛል። «አሁን ማንንም አይመስልም» ሲል ጽፎልኛል።

መልስ ሳልሰጠው ሁለት ሳምንት አለፈ። ማንን እንደሚመስል መደበቅና ለምን እንደሚመጣ መናገር አንድ አይደሉም ልለው እፈልጋለሁ። ነገር ግን ድንጋዩን የወረወርሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ የሣለው የነገርነውን ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ይህን ለእናንተ ጻፍሁ። መልሱን ዛሬ ማታ እልክለታለሁ።