ጠለቀ ወይስ ሰጠመ?

ዛሬ ስለ ሁለት ቃላት ልጽፍላችሁ ነው። ቃላቱ «ጠለቀ» እና «ሰጠመ» ናቸው። ሁለቱም ሰው ከውሃ በታች መሆኑን ይናገራሉ፤ ግን አንድ አይደሉም።

«ጠለቀ» ስንል ሰውየው ፈልጎ ነው የገባው። ዋናተኛ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቃል፣ ተመልሶም ይወጣል። ፀሐይም ማታ ትጠልቅና ጠዋት በዞብል ተራራ በኩል ትወጣለች። ከዚሁ ቃል ሌሎችም ይወለዳሉ። ቀለበት እናጠልቃለን፤ ማሳው በጎርፍ ተጥለቀለቀ እንላለን። በቆቦ ጊራና መስኖ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕም ውሃው ውስጥ ጠልቆ ነው የሚሠራው።

«ሰጠመ» ግን ሳይፈልጉ ነው። አንዳንዱ ሰው «ሰመጠ» ይላል፤ ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ትርጉሙ ያው ነው። ታይታኒክ የምትባለው መርከብ በ1912 እ.ኤ.አ. ሰጠመች እንላለን፤ ጠለቀች አንልም። ሆን ብሎ ከውሃ በታች የሚሄደውን መርከብ ደግሞ ሰርጓጅ መርከብ እንለዋለን።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የእኛ አገር ቆላ ነው። ሆርማት ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ድንጋይ ነው። እንደልብ የሚዋኝበት ውሃ ስለሌለ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ይመጣል። ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል እንኳ በምዕራብ በኩል ደጋው ከዘነበ ደረቁ ወንዝ በአንዴ ይሞላል። ገበሬው ይሄን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል፤ ለእሱ ሲሳይ ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ግን ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ይቀራል። ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም። ልጆች ደግሞ እዚያ መግባት ይወዳሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ገባ። ዳር የቆሙት ጓደኞቹ «ጠለቀ! ጠለቀ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ከብት የሚያጠጡ አንድ አባት ግን አዩና «ኧረ ልጁ ሰጠመ!» ብለው ጮኹ። እጁ ብቅ ሲል ረጅም ዱላቸውን ዘርግተው ጎትተው አወጡት። አሁን ደህና ነው፤ ኳስ አብረን እንጫወታለን። «ለምን አልጮህክም?» ብዬ ስጠይቀው «ልጮህ ስል አፌ ውሃ ሞላው» አለኝ።

እውነት ነው፤ የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጓደኛችሁ ውሃ ገብቶ ቶሎ ካልወጣ «ጠልቆ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ዋና የማይችል ሰው አይጠልቅም፣ ይሰጥማል። ዘላችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሰው ይሆናል እኮ! ጮክ ብላችሁ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ዱላ ወይም ገመድ አቀብሉት፤ ካልተገኘ ነጠላም ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ድፍርስ ውሃ ውስጥ አለመግባት ነው። ወንዙ ሲጮህ ከሰማችሁም ደረቅ ነው ብላችሁ ለመሻገር አትሞክሩ።

የአማርኛ መምህራችን ቃልን በቦታው ተጠቀሙ ይሉናል። እነዚህን ሁለቱን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለክረምትም እንያዛቸው። ታናናሾቻችሁ ማንበብ ካልቻሉ አንብቡላቸው።

መልካም የትምህርት ጊዜ!