የሐይቅ ንፋስና የባሩድ ሚዛን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ጻፈልኝ። አደን ይወጣል፤ ጥይቱንም ቀለህ ገዝቶ ራሱ ነው የሚሞላው። (እዚያ ይፈቀዳል፤ እኛ ጋ እንዳትሞክሩት!) ለዚሁ የገዛት ማሽን አለች። የሚፈልገውን ክብደት ይነግራታል፣ እሷ ባሩዱን እያንጠባጠበች መዝና ታቆማለች። «ቲቸር፣ ማሽኗ ልክ ነው ትላለች፤ ሌላ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ይለያያል። የትኛውን ልመን?»

እነሱ የሚመዝኑት በግሬን ነው፤ 1 ግሬን 0.0648 ግራም ማለት ነው። የእነዚህ ማሽኖች ሻጮች ብዙ ጊዜ ስህተቷ ከ0.1 ግሬን አይበልጥም ይላሉ። ወደ 6.5 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ በርበሬ ቢሆን ቁንጥር አይሞላም። ባሩድ ግን ከልኩ በጣም ካለፈ የሚፈነዳው ጉንጭህ አጠገብ ነው።

ጡረታ ብወጣም ማስተማር አልተወኝምና ረዘም አድርጌ መለስኩለት። የዲጂታል ሚዛን ሆዱ ውስጥ ያለው ክብደት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚታጠፍ ብረት ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ ሽቦ አብሮ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ ይቀየራል፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሙቀት ሲለዋወጥ ቁጥሩም ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አብርተህ ትንሽ አቆያት። ብዙዎቹ ደግሞ ዜሮ አካባቢ ትንሽ ለውጥ ሲያዩ «ይሄ መንሸራተት ነው» ብለው ራሳቸው ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ቅንጣት በቅንጣት ስትጨምርበት እንግዲህ የጨመርከውን ትውጠዋለች። ክብደቱ የታወቀ መፈተሻ ግዛና ሁለቱንም ፈትን። ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ አስተካክላት፤ አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ዲጂታል ሚዛን ሐይቅ ላይ 1 ኪሎውን በ3 ግራም ገደማ አሳንሶ ያነባል። የመሬት ስበት እዚህ ትንሽ ደከም ይላላ! በሁለት ክንዱ የሚመዝነው የድሮው ሚዛን ግን ይሄ አይነካውም።

መጨረሻ ላይ «መስኮት ዝጋ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህች ላይ እጄ ቆመ።

ይሄ ልጅ 10ኛ ክፍል እያለ ላብራቶሪ ውስጥ ጨው ሦስት ጊዜ መዝኖ ሦስት የተለያየ ቁጥር ጻፈ። ሌሎቹ ሦስቴም አንድ ዓይነት ቁጥር ጽፈዋል። እነሱን ሙሉ ሰጠኋቸው። እሱን ክፍሉ ፊት «ዝርክርክ» ብዬ ከ10 2 ሰጠሁት። በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስመዝን፣ በሐይቁ በኩል መስታወቱ የወለቀ መስኮት ነበር፣ ንፋሱ ሲገባ ቁጥሩ እስክስታ ይመታል። ገባኝ። ልጁ ያየውን ነበር የጻፈው፤ ሌሎቹ የጻፉት እኔ የምፈልገውን ነው። ማርኩን ላስተካክል እችል ነበር። አላስተካከልኩም። አፈርኩ መሰለኝ፤ መምህር ተሳሳትኩ ማለት ያኔ ሞት ነበር የሚመስለን። በዓመቱ ሶሻል ሲመርጥ «ፊዚክስ ለኔ አይሆንም» ሲል ሰምቼ ዝም አልኩ።

ሁሉንም ጻፍኩለት። አነበበው። ሲነጋ መልስ ጠበቀኝ፦

«የተሰበረውን መስኮት አስታውሰዋለሁ ቲቸር። ይበርደኝ ነበር።»

ከሥሩ ፎቶ ልኳል። ማሽኗ የተቀመጠችው ከኤርኮንዲሽነሩ ሥር ነው።